ያልቀረችው ተማሪ

መምህርት ዓለምጸሃይ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን ሒሳብ ማስተማር ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት አለፋት። ጥቅምት ሲብት ድምጿ ይዘጋል፣ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን ያማታል፣ የምታርመው ወረቀት ግን አያልቅም። ስልሳ አራት ልጅ የታጨቀበት የስምንተኛ «ለ» ስም ጠሪም እሷው ናት። በዚህ ላይ ስብሰባ አለ፤ ስብሰባን የፈጠረ ሰው ስምንተኛ ክፍል ገብቶ አያውቅም።

ማክዳ የዚያ ክፍል ተማሪ ናት። ፒያሳ የነበረው ቤታቸው ፈርሶ ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ በሁለት አውቶቡስ ነው የምትመጣው፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ተጋምሶ ትደርሳለች። ትምህርት ቤቱ አርፋጅን እንደ ቀሪ ይቆጥራል፤ ሦስት ቀን በተከታታይ የቀረ ደግሞ ወላጁ ይጠራል። ዓለምጸሃይ አንጀቷ አልችል ብሎ፣ ጠዋት ስም ስትጠራ የማክዳን ስም እየዘለለች ራይት ታደርግላት ጀመር። ልጅቷ መምጣቷ መቼ ይቀራል ብላ ነው።

ሐሙስ ዕለት በእረፍት ሰዓት የማክዳ እናት አዳነች መጣች። ልጄ ለሚኒስትሪ ፈተና ፎርም የሚሆን ጉርድ ፎቶዋን ረስታለችና ጥሩልኝ አለች። ተፈልጋ ታጣች። አብረዋት የሚቀመጡት ልጆች ሲጠየቁ፣ ማክዳ ዛሬም፣ ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም አልመጣችም አሉ። ጊዮርጊስ ግቢ አይቻታለሁ ያለችም ነበረች። የስም መጥሪያው ደብተር ላይ ግን ሦስት ራይት ተሰልፏል።

ዓለምጸሃይ ክው አለች። በእነዚህ ቀናት ሦስቴ ገብታ አስተምራለች፤ የልጅቷን መቀመጫ ልብ አላለችውም። ደክሞኝ ነው ብትል ማን ይሰማታል? አፍራም ቢሆን ያደረገችውን ሁሉ ለእናትየዋ ነገረቻት። አዳነች ክፉ ቃል አልተናገረቻትም፤ ብትሰድባት በተሻለ።

ማክዳን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ዛፍ ሥር፣ ቦርሳዋን ታቅፋ አገኟት። ሦስቱንም ቀን እዚያው ነው የዋለችው። እናቷ፣ ከለመድሽው ትምህርት ቤት እንዳትነቀዪ ብዬ አይደል የምንከራተተው፣ ምን ጎደለሽ ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ግን መምህሯን ነው ያየችው።

«ቲቸር፣ ሦስት ቀን ብቀር እማዬን ይጠሯታል ብዬ ነበር። እኔ ስነግራት አትሰማኝም። ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት ትግባ ይበሏት። መንገዱ አቃተኝ።»

ዓለምጸሃይ አጠገቧ ተቀመጠች። ስንት ሰዓት ትነሻለሽ አለቻት፤ ዓመቱን ሙሉ ጠይቃት አታውቅም። ማክዳ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ብላ መለሰች።

«ወይዘሮ አዳነች» አለች መምህርቷ፣ «ልጅዎ ደክሟታል።»

አዳነች ጉርድ ፎቶዎቹን እንደያዘች እሷም ቁጭ አለች።

«እንግዲያው መልቀቂያዋን ይጻፉላት» አለች። «ከቤታችን ያልደከማት እሷ ብቻ ትመስለኝ ነበር።»