የግል ተፈታኙ

ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲይዙኝ እጄ ላይ የጠመኔ ዱቄት ነበር። ያስገቡኝ የሽንኩርት መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው፤ ሽንኩርቱ ከወጣ ቢቆይም ሽታው አልወጣም። የሸዋ ሮቢት የሰኔ ሙቀት ቆርቆሮውን አግሎ ከሥሩ የተኮለኮልነውን ሃያ ምናምን ሰው ይቀቅለን ነበር።

የክፍሉ ካቦ፣ እስረኞቹ የመረጡት አለቃ ማለት ነው፣ ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። «የእንግሊዝኛ መምህር» ስለው ከጥግ አንድ ሰው ብድግ አለ።

«ቲቸር! እርስዎንም አመጡዎት? እኔ እኮ ቀሪ ያደርጉኛል ብዬ ስሰጋ ነበር።»

የማታ ተማሪዬ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ የባጃጅ ሹፌር። አስራ ሁለተኛ ክፍልን በግል ለሦስተኛ ጊዜ ሊፈተን ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሁለቱንም ጊዜ የጣለው እንግሊዝኛ ነው። የያዙት «የማይሆን ሰው አሳፍረሃል» ብለው ነው፤ ማንን እንደሆነ ግን አልነገሩትም። «ወላሂ ቲቸር፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ስጭን ነው የምውለው፤ መታወቂያ አልጠይቅ» አለኝ።

ደብተር ክልክል ስለነበር ጣቴን ውሃ እየነከርኩ ሲሚንቶው ላይ እጽፍለት ጀመር። ሙቀቱ ወዲያው ያደርቀዋል፤ ለፍተሻ የሚተርፍ ነገር የለም። እያንዳንዱን ቃል ለብቻው መሸምደድ አያዋጣም ብዬ መጨረሻቸው አንድ ዓይነት የሆኑትን ሰበሰብኩለት፦ ላይት ብርሃን፣ ናይት ሌሊት፣ ፋይት ጠብ፣ ሳይት እይታ፣ ታይት ጠባብ። አምስቱም መሐላቸው ላይ የሚጻፉ ግን የማይነበቡ ሁለት ፊደሎች አሏቸው።

«ካልተነበቡ ምን ሊሠሩ ተቀመጡ?» አሉ ከጎናችን የሚተኙት የቀወት ገበሬ።

«ለቆጠራ ነዋ ጋሼ! እኛስ ጠዋትና ማታ ለመቆጠር አይደል የተቀመጥነው?» አላቸው ተማሪዬ። ካቦው ሳይቀር ሳቀ።

በአምስተኛው ቀን የተማሪዬ ባለቤት የመፈተኛ ካርዱን ዳቦ ውስጥ ደብቃ ላከችለት። እሱ ያሰበው ቀላል ነበር፤ ከጠባቂዎቹ አንዱ የድሮ ደንበኛው ስለሆነ፣ ቀኑ ሲደርስ ካርዱን አሳይቶ ሊለምነው። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ዕድሜውን በማመልከቻ የኖረ መምህር ከማመልከቻ ሌላ መንገድ ያለ አይመስለውም። «ነገር በሥርዓቱ ሲሆን ነው የሚያምረው» አልኩት። ወረቀት ለምኜ «ጉዳዩ፦ ለፈተና እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ» ብዬ ጻፍኩለትና ካርዱን አባሪ አደረግሁት። አባሪ! ኃላፊው ሁለቱንም ተቀብሎ «እናጣራለን» አለ። ካርዱን ከዚያ በኋላ አላየነውም። የድሮ ደንበኛውም «ያለ ካርድ ምን ብዬ ልናገርልህ?» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ተፈታኞች የሚፈተኑት ደጋ ባለው ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ በአውቶቡስ ነው የሚሄዱት። የጉዞው ዕለት ጠዋት ከዋናው መንገድ ጥሩምባና እልልታ ተሰማ። ተማሪዬ ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈ። አውቶቡሶቹ ወደ ጣርማ በር እየራቁ ሄዱ፤ እሱ ግን ድምፃቸው ከጠፋ በኋላም ከዚያው አልተነቃነቀም። የቀወቱ ገበሬ ተነሥተው «እግዜር ያጥናህ ልጄ» አሉት፣ ልቅሶ ቤት እንደሚባለው። ከዚያ ሰው ሁሉ በየተራ እየሄደ ትከሻውን ያዝ ያደርገው ጀመር።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ «ያበላሸሁብህ እኔ ነኝ» አልኩት።

«ይተዉት ቲቸር። እኔም አምኜበት ነው የሰጠሁት» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣም ይቅርታም አልነበረበትም። ትንሽ ቆይቶ የውሃውን ጠርሙስ አንሥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«ዛሬ ክፍል የለም እንዴ?»

«ምን ልታደርግበት ነው ከእንግዲህ?»

«የወሰዱት ካርዱን ነው» አለኝ።

አምስቱን ቃላት በራሱ ጣት ጻፋቸው፤ ታይት ላይ ሲደርስ ላይት ደርቆ ነበር። የማይነበቡትን ፊደሎች አንዱንም አልዘለለም። የሚታረም ነገር አልነበረውም፤ እኔ ግን ዓይኑን ማየት ስላቃተኝ ድገመው አልኩት።

በሦስተኛው ቀን «ከነዕቃህ ውጣ!» ተባለ። ያ ጥሪ ወይ መፈታት ነው፣ ወይ ሌላ ቦታ መወሰድ፣ ወይ ደግሞ ሰው በአፉ የማይጠራው ነገር። ቤቱ አልደረሰም። የት እንደወሰዱት የሚነግረን ሰው አላገኘንም። እኔን ከሁለት ወር በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ።

አሁን እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ይመጣል የሚል እምነት የለኝም፤ ይህን ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ባለቤቱ የግል ተፈታኞች መመዝገቢያ ቅጽ ይዛ ቢሮዬ መጣች።

«ቲቸር፣ ይሙሉልኝ፤ ምዝገባው ሳያልፈው።»

ስሙን ጻፍኩ። ዕድሜውን ከወሰዱት ወዲህ ያለፈውን ሦስት ዓመት ጨምሬ ጻፍኩ። ፊርማ የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።

«እሱን ይተዉት» አለችኝ፤ «ራሱ ይፈርምበታል።»

ተውኩት።