ለሞተራችን ኹርጅ የገዛን ጊዜ

ባሌ «ለሞተሩ ኹርጅ እንግዛለት» ያለኝ ዕለት ነው ሆዴ የፈራው። ኹርጅ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ በአህያና በግመል ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠለው ጥንድ ቦርሳ ነው፤ አሁን አሁን ለሞተርም ይሰፋል። ኹርጁ ምን ክፋት አለው? እኔን የከነከነኝ ምክንያቱ ነው። «ያን ሁሉ ጭነት ጭንሽ ላይ አቅፈሽ ስትሄጂ ወገብሽ አለቀ፤ አሳዘንሽኝ» አለኝ። ስንት ክረምትና በጋ ጆንያ አቅፌ ቁረይሻ እርሻ ድረስ ስመላለስ ያልታየ ወገብ፣ ዛሬ ምን ተገኝቶ ታየ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ደግሞ ከናቴ ሆድ ስወጣም አዋላጇን ጠርጥሬ ሳይሆን አይቀርም።

ሥራችን የጋራ ነበር። እኔ በርበሬና ሽሮ፣ ድርቆሽም አዘጋጃለሁ፤ እሱ ሞተሩን ይነዳል። ከጎንደርና ከመተማ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ ለሚመጡት ሠራተኞች እርሻቸው ድረስ ወስደን እንሸጥላቸዋለን። ማን ጾመኛ እንደሆነ፣ የማን በርበሬ ማቃጠል እንዳለበት፣ ማን ድርቆሹን ሳያይ እንደማይገዛ የማውቀው እኔ ነኝ። ከባሌ ኋላ ያለችው ያች ጠባብ መቀመጫ እንጀራዬም ትዳሬም ነበረች። ዘመድ የለኝም። ቤቱ የኪራይ ነው። ወዳገሬ የሚወስደው መንገድ አንድ ቀን ቢከፈት ሌላ ቀን ይዘጋል፤ እዚህም ጦርነቱ ተነሥቶ ከካርቱም የሸሸው ሰው ከተማውን ሞልቶታል። በዚህ ሁሉ መሐል ባሌ ስልክ ሲደወልለት ከግቢ እየወጣ ማነጋገር ጀምሮ ነበር። ጥሎኝ ሊሄድ ይሆን ወይ የሚለው ሐሳብ እንደ እሾህ ተሰክቶብኝ ከረመ።

«አብረን ሄደን እንምረጥ» አልኩት።

«ፀሐይ ነው፣ ምን ያለፋሻል?»

«ለወገቤ አይደል የሚገዛው? ወገቤን ይዤልህ ልምጣ እንጂ።»

ሳቀ። ሳቁም አላማረኝም።

ሱቅ ስንደርስ ሻጩ መጀመሪያ ያሳየን ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥን ነበር፤ ቁልፍ ያለው፣ ሲመቱት ከበሮ የሚያህል ድምፅ የሚሰጥ። እኔ ቁልፉን ወደድኩት። ባሌ «አንድ ጊዜ ከወደቅን ይሰነጠቃል» አለ፤ በዚህስ እውነቱን ነው፣ የኛ መንገድ ክረምት ጭቃ፣ በጋ ስንጥቅጥቅ ነው። ቀጥሎ ቀይ ትንንሽ ጥንድ ወጣ። ሽሮና በርበሬያችንን ልክ ይይዛል። ቀዩን በእጁም አልነካው። ዓይኑ የሄደው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ነው። የጭነት መኪና ሸራ ነው፣ ዳር ዳሩ በቆዳ የተቀመቀመ፣ ጠንካራ ዘለበት ያለው። አወረደና እጁን እስከ ብብቱ ከተተበት። ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ያኔ አየሁ።

«ክዳኑ ዝናብ ያስገባል?» ብሎ ሻጩን ጠየቀው።

ወሩ ኅዳር ነው። በኅዳር ገዳሪፍ ላይ ዝናብ የሚጠብቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ቀና ብዬ አየሁት።

«ለአቧራው ብዬ ነው» አለኝ። ሳይጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው ደግሞ እኔ አላምንም።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በዓረብኛ «ባጣኒያ ይገባበታል?» አለው። ባጣኒያ ብርድ ልብስ ነው። ዓረብኛ የማልሰማ ይመስል። እኔን ገበያ አስተማረኝ፣ እሱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «ምነው፣ ሽሮው ይበርደዋል እንዴ?» ልለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ዋጥኩት። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በዚህ የእህል አገር ማሽላው እንኳ ሲነቅዝ አይቻለሁ፣ ዝምታ ግን እውነትም አይነቅዝም። ሸራውን ገዝተን ወጣን።

ማስገጠሙን ብቻውን ሄደ። ከብት ተራው አጠገብ አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ አለ፣ ለአህያና ለግመል ኮርቻ ሲሰፋ የኖረ፣ ዛሬ ሞተርም የሚያስተካክል። እሱ ዘንድ ወስዶ አስገጥሞ መጣ። አምሯል። ግራና ቀኙ እኩል ነው፣ ሲነቀንቁት ንቅንቅ አይልም፣ ሸራው በጭስ ማውጫው ግለት እንዳይቃጠል መሐሉ ላይ ቆርቆሮ ገብቶበታል። እኔ ግን ዞርኩት። ጠፍሩን ሳብኩ፣ ውስጡን ዳበስኩ፣ ሥሩን አገላብጬ አየሁ፣ አሸተትኩትም።

«ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

«ስፌቱን እያየሁ ነው።»

«በይ፣ ከእንግዲህ ጭንሽ ነፃ ወጣ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የምፈልገው የተደበቀ ነገር ነበር፤ አላገኘሁም። እንዲያውም ትንሽ አፈርኩ። እንዲህ የሚያስብልኝን ሰው ነው የማማው ብዬ ራቱን አሳምሬ ሠራሁለት።

ወደ እርሻ የምንወርድበት ቀን ሲደርስ «ዛሬ ብቻዬን ልሂድ፤ አሁን እኮ ኹርጅ አለን። አንቺ እረፊ» አለኝ። የነቢያት ጾም ገብቶ ሰው ሽሮ በሚሻማበት ሰሞን እረፊ! መልስ ሳልሰጠው ሞተሩን ግቢ ውስጥ አቁሞ ቤንዚን ፍለጋ ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ወጣ።

እንግዲህ ብቻዬን ከሞተሩ ጋር ቀረሁ። የማርፍ ከሆነ ተቀምጬ ልረፍ ብዬ እንደ ወትሮው ከኋላ ወጣሁበት። ቀኝ እግሬን መርገጫው ላይ ላሳርፍ ስል እግሬ አየር ረገጠ። የግራውንም ሞከርኩ፤ የለም። ጎንበስ ብዬ ሳይ መርገጫዎቹ ተነቅለዋል። ቡሎኑ የነበረበት ቀዳዳ ባዶውን ቀርቷል፤ ኹርጁ ወደ ፊት ተጠግቶ እግሬ የሚያርፍበትን ቦታ ሞልቶታል። ያን ሁሉ ስዞረው፣ ስፌት ስቆጥር፣ የጎደለውን ሳላይ የተጨመረውን ስፈትሽ ውያለሁ። ከሞተሩ ወረድኩ። ኋላ ተናድጃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ፈራሁ።

እንደ ሱዳን ሴት ቶቤን ተከናንቤ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ወስፌውን አፉ ላይ ነክሶ አንድ የአህያ ኮርቻ ይሰፋል። ሰላምታውን አሳጥሬ «የዚያ ባለ ሸራ ኹርጅ ሞተር የኋላ መርገጫ የት ሄደ?» አልኩት።

ወስፌውን ካፉ አወጣ። «ባልሽ ንቀለው አለኝ። ኹርጁን ወደ ኋላ ባደርገው መርገጫው በቦታው ይቆይ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ነጂው ይጠጋ አለ። እውነቱን ነው፣ ለሩቅ መንገድ ጭነት ከነጂው ሲርቅ ይወዛወዛል።»

«የት ነው ሩቁ መንገድ?»

«ፖርት ሱዳን ነው ያለኝ።» አየኝና ድምፁ ቀነሰ። «ሚስትህስ የት ትቀመጣለች ብዬው ነበር። ከኋላ የሚቀመጥ የለም አለኝ።»

ከኋላ የሚቀመጥ የለም። ሌላ ሴት ብትኖር እንኳ እንዲህ የሚያመኝ አይመስለኝም። ሽማግሌው ከቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ሁለቱን ብረቶች አወጣ። «ለሚፈልግ ሰው ሽጥልኝ ብሎኛል፤ አንቺ ውሰጃቸው፣ የሚከፈል የለም» አለኝ። በቶቤ ጫፍ ቋጥሬ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ባሌ ለምሳ ቤንዚኑን በጀሪካን ይዞ ገባ። እጁን አስታጠብኩት። ትሪውን አቀረብኩለት። ትሪው ላይ ሁለቱ መርገጫዎች ብቻ ነበሩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሽጥልኝ ያልከው። እኔ ወሰድኩት።»

ውሃው ከጣቶቹ እየተንጠባጠበ ብረቶቹን አየ። ከዚያ ወንድሙ ፖርት ሱዳን ላይ ሥራ እንዳገኘለት ነገረኝ። ለካ ያ ሁሉ ስልክ የወንድሙ ነው። «መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ በየኬላው አውርደው የሚያደርጉትን ታውቂያለሽ። ሴት ይዤ እንዴት ልለፍ? ቀድሜ ሄጄ፣ ቤት ይዤ፣ ተመልሼ ልወስድሽ ነበር።»

«በምን?»

«እንዴት በምን?»

«በምን ልትወስደኝ ነበር? በዚሁ ሞተር አይደለም? ተመልሶ የሚወስደኝ ሰው መርገጫዬን ያስቀምጣል እንጂ ይሸጣል?»

 የዚያን ጊዜ አለቀስኩ። ላለቅስ አላሰብኩም ነበር፤ ግን አንድ ቃል እንኳ ይዋሸኛል ብዬ ስጠብቅ ውሸትም አጣልኝ። «መሄድ ካማረህ ሂድ» አልኩት። «ብቻ ለወገቧ ብዬ ነው እንዳትል።»

ምሳም አልጠየቀ። ከዚያ ብረቶቹን ከትሪው ላይ አንሥቶ ኪሱ ከተተና ሞተሩን አስነሥቶ ወጣ። በዚያው የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ ገብቼ ብርድ ልብሱን ፈለግሁ፣ ቦታው አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰ። መርገጫዎቹ ቦታቸው ገብተዋል፤ ኹርጁ ወደ ኋላ ተገፍቷል። በማግስቱ ቁረይሻ አብረን ወረድን፤ ጭኔ ላይ ጆንያ የለም፣ እጄ የምይዘው አጥቶ እሱን ያዝኩት።

አሁንም ገዳሪፍ ነን። ጭነቱ ወደ ኋላ ስለሆነ ሞተሩ ጉድጓድ ሲገባ የፊት ጎማው ቀለል ይላል፣ ባሌም ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም። ወንድሙ ዛሬም ይደውላል፤ አሁን እዚሁ እፊቴ ነው የሚያነጋግረው። በእርግጥ ተመልሶ ሊወስደኝ ነበር ወይ? አላውቅም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ሌላ ሴት ብትሆን የባሏን ስልክ ትበረብራለች። እኔ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ አጠገብ ሳልፍ ጎንበስ ብዬ መርገጫዎቹን በእጄ እነካለሁ። ይህንኑ አይቶ ነው መሰለኝ፣ ሰሞኑን ከእንቅልፌ ሳልነሣ ወጥቶ ሁለቱንም ከታጠፉበት ዘርግቶልኝ ይጠብቀኛል። ያንንም እጠረጥረዋለሁ።