ከወተቱ አጠገብ

ወንድሟ ቤት መኖር ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ቀን ላውንደሪ ቤት ልብስ ትተኩሳለች፤ ሲመሽ ከወንድሟ ሚስትና ከልጆቹ ጋር አንድ ገበታ ትቀርባለች። ወሬ እንደ እሳት ትፈራለች፤ እሳቱን እንኳ ለምዳዋለች። አገጯ ላይ የሚበቅለውን ጸጉር የምትነቅለው በር ቆልፋ ነው። የወር አበባዋ ከቀረ ስምንት ወር እንዳለፈውም ከሐኪሟ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሐኪሟ የሆርሞን መዛባት ነው፣ የእንቁላል ማምረቻሽ ላይም ጥቃቅን ከረጢቶች በዝተዋል አለቻት። ከምትወስደው ኪኒን ጋር ሌላ ብልቃጥ ጨመረችላት፤ እርጎ ውስጥ እንዳሉት ዓይነት ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን የያዘ ነው። አንዳንዱን ሰው ይረዳል፣ ጥናቱ ግን ገና ነው፣ ሦስት ወር እንሞክረው ብላ ቀዝቃዛ ቦታ እንድታስቀምጠው አዘዘቻት። ሴትየዋ ከዚህ ሁሉ የሰማችው ሦስት ወር የሚለውን ነው። አንድ ቀን ልትወልድ የምትችል ከሆነ ያኔ ይታወቃል ብላ ቀን መቁጠር ያዘች።

ቀዝቃዛ ቦታ ማለት የወንድሟ ሚስት ፍሪጅ ነው። “ይሄ ደግሞ የምንድነው?” ብትባል ምን ትመልሳለች? ስለዚህ ብልቃጡን ከሰው ዓይን ሸሽጋ ላውንደሪ ቤት ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ባለው መሳቢያ ከተተችው። ቀኑን ሙሉ ካውያ ሲግልበት የሚውል ጠረጴዛ ነው።

ሦስት ወሩ ሞላ፤ የመጣ ነገር የለም። ሌላ ብልቃጥ ልትገዛ ስትሄድ ፋርማሲስቱ የት እንደምታስቀምጠው ጠየቃት። ነገረችው።

“እህቴ፣ እነዚህ እኮ ነፍስ ያላቸው ናቸው” አላት ቀስ ብሎ። “ሙቀት ይገድላቸዋል። ስትውጪ የከረምሽው የሞቱትን ሳይሆን አይቀርም።”

ሳቋ መጣ። የሰው የሐር ልብስ እንዳይቃጠል ሙቀት ስትለካ የምትውል ሴት የራሷን ነገር እንዲህ ታድርገው?

አዲሱን ብልቃጥ ይዛ ቤት ገባችና ዓይኗን በጨው አጥባ ፍሪጁ ውስጥ ከወተቱ አጠገብ አቆመችው። መልሱን መንገድ ላይ አጥንታ ጨርሳለች፤ የወር አበባዬ ቀርቶብኝ ነው፣ ልጅ እፈልጋለሁ ልትል ነው። የወንድሟ ሚስት መጣች፣ ብልቃጡን ገፋ አድርጋ ወተቱን አወጣች፣ ቀድታ መለሰችው። ወንድሟም ውሃውን ጠጥቶ ፍሪጁን ዘጋ።

በሳምንቱ ጽሑፉ እንዲታይ ብልቃጡን ወደ ውጭ አዞረችው። ከዚያም ወዲህ የጠየቃት የለም።