ሦስት ጊዜ የታጠበ ዓሣ

ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርኩት ዓሣ በማስራብ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አዲስ አበባ በአንድ ቤተ ሙከራ በረዳትነት ተቀጠርኩ፤ ጡረታ እስክወጣም ሌላ ሥራ አላውቅም። አለቃዬ የጡንቻ ፕሮቲን የሚያጠኑ ፕሮፌሰር ነበሩ። ከሐይቅ የመጡ፣ ቆሮሶ የሚባሉ ዓሦችን በገንዳ እናስቀምጣለን። ግማሾቹን እንቀልባለን፣ ለግማሾቹ ከውሃ በቀር ምንም አንሰጥም። በየሳምንቱ ከሁለቱም ወገን ጥቂት እያወጣሁ እገድልና እመዝናለሁ። ከዚያ ከጀርባው ነጩን ጡንቻ፣ ከጎኑ ቀጭኑን ቀይ ጡንቻ፣ በመጨረሻም ልቡን ለይቼ በረዶ ላይ አደርጋለሁ። ለማወዳደሪያ የበግ ታፋና የዶሮ ደረትም ይመጣልን ነበር።

ጡንቻው ተፈጭቶ በበረዶ ውሃ ሦስት ጊዜ ይታጠባል። በመጀመሪያው እጥበት ደሙና ሽታው ይወጣል። በሁለተኛው በውሃ የሚሟሟው ፕሮቲን ይሄዳል። ከሦስተኛው በኋላ በጨርቁ ላይ የሚቀረው ነጭ ነገር ነው፤ ሽታም ጣዕምም የለውም። ጡንቻን ጡንቻ የሚያደርጉት ፕሮቲኖች ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። ያን በጨው ውሃ አሟሙተን ጄል በሚባል ስስ ዝልግልግ ነገር ላይ በኤሌክትሪክ ስናስኬደው እያንዳንዱ ፕሮቲን እንደ ክብደቱ ቦታውን ይይዛል፤ ሰማያዊ ቀለም ሲነካው እንደ ጥለት መስመር መስመር ሆኖ ይታያል። ከላይ ያለው ወፍራም መስመር ማዮሲን ይባላል። ጡንቻ የሚኮማተረው በእሱ ነው። በተራቡት ዓሦች ላይ ያ መስመር በየሳምንቱ እየሳሳ ይሄድ ነበር።

ሰውነት የሚበላው ሲያጣ ራሱን ይበላል። ዓሣ መጀመሪያ የጀርባውን ነጭ ጡንቻ ይበላል፣ የጎኑን ቀይ ይቆጥባል፣ ልቡን ወደ መጨረሻው ያቆያል። ፕሮፌሰሩ ጡንቻ የክፉ ቀን ጎተራ ነው ይሉ ነበር።

ጡረታ ስወጣ ላሊበላ ታላቅ እህቴ ዘንድ ተመለስኩ። ቤቷ ወደ አሸተን ማርያም ከሚያወጣው መንገድ ግርጌ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር፣ ቆራቢ ሴት ነበረች። ሥራዬ ምን እንደነበረ ስነግራት እስኪያስላት ሳቀች።

"እንግዲያ ዓሦችሽ ጾመዋል በይኛ" አለችኝ። "ሳይቆርቡ ሞቱ እንጂ።"

ከዚያ ወዲህ ጎረቤት በመጣ ቁጥር "ዓሣ አስራቢዋ እህቴ" እያለች ታስተዋውቀኝ ነበር። አልከፋኝም።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላም መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ቆየ። እንግዳ ጠፋ፣ ሆቴሎቹም አብዛኞቹ በራቸውን ዘጉ። በአንደኛው ዓመት ታኅሣሥ ላይ እህቴን ሳንባዋን አመማት። መድኃኒቱ ትኩሳቱን አበረደላት፤ ጉልበቷ ግን አልተመለሰም። የካቲት ላይ ገላዋን ሳጥባት ባቷን በጣቶቼ ከበብኩት። ጣቶቼ ተገናኙ። የሰው ጡንቻ እንደ ዓሣ ነጩ ለብቻ ቀዩ ለብቻ አይደለም፤ የተደባለቀ ነው። ቢሆንም ጎተራው የት ላይ እንደደረሰ ገባኝ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ስጧት አለች። ዐቢይ ጾም ከገባ ሳምንቱ ነበር። እህቴ የነርሷን ቃል ሰምታ ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች። የነፍስ አባቷን ጠራሁ። እሳቸው ለእኛ ልጅ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ሁለታችንንም ግን ልጄ ይሉናል። የታመመ ሰው በጾም እንደማይያዝ አስረዷትና ፈትቼሻለሁ አሏት። መስቀላቸውን ተሳለመች።

"እርስዎ ፈቱኝ አባቴ" አለች። "እኔ ግን ራሴን አልፈታሁም።"

እሳቸው እኔን አዩ፤ እኔም እሳቸውን አየሁ። ጸበል ረጭተዋት ሄዱ።

ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ምንም አትቀምስም። ከዚያ በኋላ የምትጎርሰው አራት ጉርሻ ነው። ምስርም ባቄላም ሞከርኩ። በጥራጥሬም ፕሮቲን አለ፤ በአራት ጉርሻ ግን አይበቃም። ለራሴ ያልኩት ይህን ነው።

በሰቆጣ በኩል የሚመላለስ ሹፌር ከተከዜ ግድብ ዓሣ እያመጣ ለአንድ ሆቴል ይሰጥ ነበር። በጾም ዓሣ የሚበላም አለ፣ የማይበላም አለ፤ ለእህቴ ዓሣ ሥጋ ነው። ከሆቴሉ ወጥ ቤት አራት ቆሮሶ አመጣሁ። ጓሮ ሄጄ የጀርባቸውን ነጭ ብቻ ገፈፍኩ፣ ወቀጥኩት። ደጅ ባደረ ቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩት። በነጠላ ጨርቅ ጨምቄ እንደገና አጠብኩት። ሦስተኛውን ውሃ ስደፋ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ምንም አልሸተተኝም። እጄ ሥራውን አልረሳም ነበር።

በፀሐይ አድርቄ ፈጨሁት። እህቴ በመስኮት የተሰጣውን አይታ ምንድን ነው ስትለኝ አጃ ነው አልኳት። በዚያን ቀን ማታ አልተኛሁም ብል ውሸት ይሆናል። ተኝቻለሁ።

ከሽሮው ጋር አንድ ማንኪያ፣ ቆይቼም ሁለት ማንኪያ አማስልላት ነበር። የደብረ ዘይት ዕለት ሳትደገፍ ተነስታ ተቀመጠች። ቀጥሎ በግድግዳ እየተደገፈች ደጅ ወጣች። ሹፌሩ ዓሣ ይዞ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። ሆሣዕና ላይ በምርኩዟ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ዘንባባ ይዛ ተመለሰች። ጎረቤቶች ሊያዩዋት ሲመጡ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጾሙ አበረታኝ ትላቸው ነበር። "ዓሣ አስራቢዋ እህቴ ብዪ፣ ብዪ ስትለኝ እኔ ግን አልሰማኋትም፤ ሐኪም ያላዳነውን ጾም አዳነው" እያለች። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ምድጃው ዘንድ ሆኜ ሽሮ አማስል ነበር።

በዚያው በሆሣዕና ቀን፣ ለጸሎተ ሐሙስ እንደምትቆርብ ነገረችኝ። ከታመመች ወዲህ አልቆረበችም። ነጭ ልብሷን አወጣች፣ እኔም አጠብኩላት።

በቤተ ሙከራ ሰው ሳያውቀው ናሙና ውስጥ የገባ ነገር ካለ፣ ውጤቱ ምንም ቢያምር ይጣላል። ፕሮፌሰሩ በዚህ ቀልድ አያውቁም። እህቴ ጾምኩ ብላ ሥጋ ወደሙን ልትቀበል ነው። ዝም ብል የሚያውቅ የለም፤ ከእኔ በቀር። ሰኞ ዝም አልኩ፤ ማክሰኞም ዝም አልኩ። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰሃኑን ፊቷ ካስቀመጥኩ በኋላ ነገርኳት።

"እትዬ፣ ሽሮው ውስጥ ዓሣ አለበት።"

እጇን ከሰሃኑ መለሰች። "የዛሬው?"

"የሁሉም ቀን። ከደብረ ዘይት በፊት ጀምሮ።"

"አጃ ያልሽኝ?"

"አጃ አልነበረም።"

ሰሃኑን አንስታ አሸተተችው።

"አይሸትም እኮ" አለች።

"አጥቤው ነው።"

ሰሃኑን መልሳ አስቀመጠችው። "ጥሩ ሠራተኛ ነበርሽ ማለት ነው" አለችኝ።

አስጠርቻቸው የነፍስ አባቷ በማግስቱ ጠዋት መጡ። ባላወቀችው እንደማትጠየቅ፣ በዓሣም ነገር ሊቃውንቱ አንድ ቃል እንዳልሆኑ፣ ከፈለገች ልትቆርብ እንደምትችል ነገሯት። ኃጢአቱ የእኔ መሆኑንም እኔው ፊት ተናገሩ፤ ትክክል ነበሩ። እህቴ አመስግና አልቆርብም አለች። ነጩን ልብስ አጥፋ ሣጥን ውስጥ መለሰችው። የዕለቱን ጉልባን ጎረቤት አመጣችላት። እኔ የቀቀልኩትን አልነካችም።

አርብ፣ ስቅለት፣ ከጠዋት ጀምራ ሰገደች። አክፍላ ስለነበር እህል በአፏ አልዞረም። ሌሎቹ አሮጊቶች በግንቡ ጥላ ተቀምጠው ነበር። ካህኑ ተቀመጪ ብለው ሁለት ጊዜ ሰው ላኩባት። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ጉልበቷ ሲታጠፍና ሲዘረጋ አይ ነበር። በየካቲት ከአልጋ ያልወረደ እግር ነው። ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣችው እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ያን ሁሉ ጉልበት ምንም ሳታስቀር መሬት ላይ ጨረሰችው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ሴቶች ደግፈው አመጧት።

ጾም በተፈታ ጠዋት እንቁላል ቀቅዬ፣ ሳልልጠው ከነቅርፊቱ አቀረብኩላት። በተዘጋ ነገር ውስጥ ምንም መጨመር እንደማይቻል እንድታይ ብዬ ነው። ገባት፤ ትንሽ ፈገግ አለች።

"ከእጅሽ አልበላም" አለችኝ። "ተቀይሜሽ አይደለም። ምን እንደምበላ ማወቅ ስለምፈልግ ነው።"

ጎረቤት የምታመጣላትን ቀመስ ታደርጋለች። አንዳንድ ቀን እሳቱ አጠገብ ተጎትታ ራሷ ቆሎ ትቆላለች፤ ጥርስ ስለሌላት ግን ጥቂቱን አሽታ ዋጥ ታደርግና ትተወዋለች። ሳሉ ተመለሰ። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ከአልጋ መውረድ አቆመች። ውሃ ከእኔ ትቀበል ነበር፤ ውሃ ማየት ይቻላል። በመጨረሻው ሳምንት እጄን ደረቷ ላይ ሳደርግ ልቧ ደህና ይመታ ነበር። እንደሚመታ አውቅ ነበር። እሱ የመጨረሻው ነው።

ለጎረቤታችን የተናዘዘችውን ከሞተች በኋላ ሰማሁ። እርሻውን ለወንድማችን ልጆች፣ መቋሚያዋን ለቤተ ክርስቲያን፣ ቤቱን ለእኔ። ስለ ተዝካሯም ተናግራ ነበር፤ ጎረቤታችን ይህን ስትነግረኝ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ነው።

"ወጡን ሌላ ሰው ይሥራው" ብላለች። "ዓሣ አስራቢዋ እህቴ እቃ ትጠብ። ማጠብ ታውቃለች።"

ስትናገር እየሳቀች እንደነበር ጎረቤታችን አረጋገጠችልኝ። ሊሆን ይችላል። ትስቅ ነበር።

በአርባው ቀን ዳሱ ሞላ። ካህናቱ በልተው ሲነሱ ሰሃኑ ወደ ጓሮ ወደ እኔ መጣ። ቆሮሶዎቹን ባጠብኩበት ሳፋ ውሃ ሞልቼ ተቀመጥኩ። ጎረቤታችን ልትረዳኝ መጥታ ካጠብኩት አንዱን አነሳች፣ አየችው፣ ንጹሕ እኮ ነው፣ ለምን ትደጋግሚዋለሽ አለችኝ። ሦስተኛው ውሃ ላይ ነበርኩ።