የጋራ ባጃጃችን ማርሚታ

አዲስ ማርሚታ፣ የሞተር ጭስ ማውጫው ማለቴ ነው፣ መጀመሪያ ሲግል የሚያወጣው ሽታ አለ። የተቃጠለ ቀለም፣ ዘይትና የጋለ ብረት አንድ ላይ ሆነው ጉሮሮ ይይዛሉ። የመለዋወጫ ሱቄ ፊት ለፊት ጋራዥ ስላለ ሽታው ለእኔ እንግዳ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ባለሞተር የሚያጓራ ማርሚታ አስገጥሞ ሲያስነሳው፣ ፊቴ የቆመውን ደንበኛ ረስቼ ብሎኑን በእጄ እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። ሰውየው «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አለኝ። አላመመኝም፤ ግራ ገብቶኝ ነው። ይሄ ሽታ በመጣ ቁጥር ግራ ይገባኛል። ነገሩን ለማንም ደህና አድርጌ ተናግሬው ስለማላውቅ አንተም ከእኔ ጥርት ያለ ታሪክ አትጠብቅ።

ያኔ ከሚሴ ላይ ከጓደኛዬ ጋር በአንድ ባጃጅ እንሠራ ነበር። ባጃጇ የአጎቱ ናት። እሱ ከጠዋት እስከ ዙሁር ይነዳል፣ እኔ ከዙሁር እስከ መግሪብ። ቁልፉን የምንቀባበለው ከመስጊዱ አጥር ጥላ ሥር ነበር። እሱ መልከ መልካምና ዝምተኛ ነው፤ ሰው ሳይናገር የሚወደው ዓይነት። እኔ ደግሞ አላህ መልኩን ሲያሳንስብኝ ምላሱን ጨምሮልኛል። ከገበያ እስከ መናኸሪያ ባለችው መንገድ አንድ ወሬ ጀምሬ ሳልጨርሰው ተሳፋሪው ሲወርድ፣ «በል ነገ ትጨርስልኛለህ» እያለ ይሄዳል። ለነገም እኔኑ ይፈልጋል።

ከእነዚያ ተሳፋሪዎች አንዷ የእህል ነጋዴው ልጅ ነበረች። ቤታቸው ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከሰዓት በኋላ ከአክስቷ ጋር ገበያ ሲሄዱ እኔን ያስቆማሉ። አክስትየው በግራ፣ እሷ በቀኝ ከጀርባዬ ትቀመጣለች። ስትስቅ ድምፅ የላትም፤ መቀመጫዬ ሲንቀጠቀጥ ብቻ መሳቋን አውቃለሁ። አንዳንዴ አክስቷ ዋጋ ስትከራከር እሷ ጎንበስ ብላ «ከዚያ ሰውየው በቅሎውን አገኛት?» ትለኛለች፣ ካለፈው ሳምንት ያቋረጥነውን ወሬ ይዛ። እወዳት ነበር ወይ ብትለኝ፣ ያኔ ብትጠይቀኝ በአላህ ስም አልወዳትም ብዬ እምልልህ ነበር። ውሸትም አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቀን ጓደኛዬ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ መጣ። ሲፈታው እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ማርሚታ ነው። በሚሌ መስመር የሚሠራ አንድ ሾፌር ከትልቅ ሞተር ሳይክል ላይ አስወርዶ ያመጣለት ነው።

«ባጃጇ ላይ እናስገጥመው» አለኝ።

«ለምን?»

«ከሌሎቹ የሚለይ ድምፅ እንዲኖራት።»

ጓደኛዬ ድምፅ የማይወድ ሰው ነው። ሬዲዮ እንኳን ሲበዛበት ይዘጋል። ግራ ገባኝ፣ ግን ባጃጇ የአጎቱ ስለሆነች ተስማማሁ።

ወደ አንድ በያጅ ወሰድናት። በያጁ ሽበት የጀመራቸው፣ ከአማርኛቸው ኦሮምኛቸው የሚቀድም ሰው ነበሩ። ማርሚታውን አገላበጡና «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ እኮ የበሬ ቀንበር ለፍየል ማሰር ነው» አሉ። ጓደኛዬ ግን ሙጭጭ አለ። የድሮውን ማርሚታ ስንፈታ ብሎኑ ዝጎ እምቢ ስላለን ናፍጣ አጠጥተን ጠበቅነው። አዲሱ ደግሞ አፉ ሰፊ ነው፣ ቀዳዳዎቹም አይገጥሙም። እሳቸው የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ፈልገው አንዱን ጫፍ በመዶሻ አጠበቡ፣ ሌላውን አሰፉ፣ ከዚያ በየዱት። ሰማያዊው ብርሃን ሲፈነዳ እኔ ሞኙ በጣቶቼ መሃል አየሁ፤ እስከ ማግስቱ ዓይኔ አሸዋ እንደገባበት ሆኖ ዋለ። ማርሚታው ርዝመት ስለነበረው ኋላውን ከመኪና ጎማ ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ አንጠለጠሉት።

ሲነሳ ያ ሽታ መጣ፣ ቀጥሎ ድምፁ። የበያጁ ዶሮዎች አጥር ዘለሉ። ከአሱር ሶላት የሚወጡ አንድ አባት ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙና «ያረቢ፣ ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» አሉ። ጓደኛዬ ፈገግ አለ። እንዲህ ሲፈግግ ከዚያ በፊት አላየሁትም።

እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከድጡ ወደ ማጡ ገባሁ። ባጃጇ ጉልበቷ ወረደ። ሦስት ሰው ጭና ዳገት ስትወጣ ታቃስታለች፤ ስትቆም ደግሞ ጋዝ ካልሰጠኋት ወዲያው ትጠፋለች። ሰው ለማውረድ ስቆም እንኳን እግሬና እጄ ሥራ አይፈቱም። ከሁሉ የባሰው ወሬዬ ቀረ። በዚያ ጩኸት ማን ይሰማኛል? የእህል ነጋዴው ልጅ እንደ ድሮው ከጀርባዬ ተቀምጣ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ትላለች፣ እኔ «ምን?» እላለሁ፣ እሷም በእጇ ተወው ትለኛለች። ለጓደኛዬ «እባክህ የድሮውን እንመልሰው» ብለው «አብሽር፣ ትለምደዋለህ» አለኝ።

በዚያው ሰሞን አባቷ ለአንድ የባቲ ነጋዴ ሊድራት ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ከሆነ ሰው ጋር ታወራለች ብሎ ስልኳንም ነጥቋታል አሉ። ያ የሆነ ሰው ማን እንደሆነ አላወቅሁም። ለምን እንደከፋኝም አላወቅሁም።

አንድ ሰኞ አጎቱ ጓደኛዬን ፍየል አስይዞ ባቲ ገበያ ስለላከው ጠዋቱንም እኔ ነዳሁ። ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ሰው አድርሼ ስመለስ፣ አፋሮች ግመሎቻቸውን እየነዱ ወደ ቆላ ሲወርዱ መንገዱን ሞሉት። የግመል ነገር ታውቃለህ፣ ጡሩምባ አይሰማ፣ ጩኸት አይፈራ። ቆምኩ። የቆምኩት ከእህል ነጋዴው በር ፊት ለፊት ነበር። እንዳትጠፋብኝ ጋዝ መስጠት ጀመርኩ፤ ሰጠሁ፣ ለቀቅሁ፣ እንደገና ሰጠሁ። አቧራው ውስጥ የግመሎቹን ጉልበት እያየሁ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ግመሎቹ ሲያልቁ ባጃጇ ከኋላ ዝቅ አለች። ዞር ስል እሷ ናት። ብቻዋን ናት፣ ጉልበቷ ላይ በሻርፕ የታሰረ ጓዝ ይዛለች።

«ንዳ» አለችኝ።

«ገበያ ነው?»

«ንዳ ብቻ።»

ነዳሁ። ወዴት እንደምነዳ ሳላውቅ ከተማውን ጨርሼ ወጣሁ። በዚያ ጩኸት መነጋገር ስለማይቻል ከአንድ የማሽላ ማሳ ዳር፣ ግራር ጥላ ሥር አቁሜ ሞተሩን አጠፋሁት። ዝምታው ጆሮዬን አሳመመኝ። ማሽላው ውስጥ ወፍ የሚያባርር ሰው ጅራፉን ሲያጮህ ከሩቅ ይሰማል።

«ማል ታቴ?» አልኳት። ምን ሆነሽ ነው ማለቴ ነው፤ ስደነግጥ ኦሮምኛው ይቀድመኛል።

ፊቴን ረዘም አድርጋ አየችኝ። ከዚያ ጓዙን እያየች «ጠዋት በራችሁ ላይ ቆሜ ጋዝ ከሰጠሁ ነይ ብሎኝ ነበር» አለች። የጓደኛዬን ስም ጠራች። በራቸው ላይ ባጃጅ ሁሌም ስለሚያልፍ የትኛው የእሱ እንደሆነ እንዳትስት ማርሚታውን ያስገጠመው ለእሷ ነው።

ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ፣ ወይም የገባኝ የመሰለኝ። «እሱ እኮ ባቲ ነው» አልኳት። ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ምንም አልደነገጠችም። የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ስደነግጥ ደግሞ አፌ ማቆሚያ የለውም። ስለ ቧንቧው ቁራጭ፣ ስለማይገጥሙት ቀዳዳዎች፣ ባጃጇ ስትቆም ለምን እንደምትጠፋ፣ ግመል ለምን መንገድ እንደማይለቅ፣ ሁሉንም አስረዳኋት። አላቋረጠችኝም። ድሮ ተረቴን ስትሰማ እንደነበረው ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችኝ።

በእኛ አገር ልጅ ከኮበለለች በልጁ ቤት አታድርም። የተከበረ ሰው ቤት ትገባለች፣ ሽማግሌ ወደ አባቷ ይላካል፣ እርቁ እስኪያልቅ እዚያ ትቆያለች። አንድ ሼህ ነበሩ፣ ከዚያ ቦታ ቅርብ፣ ለዚህ ነገር ሰው የሚያምናቸው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ እኔም ጭንቀቴን ለማውረድ መላ አመጣሁ።

«ሼሁ ቤት ላድርስሽ» አልኳት። «እሱ ዛሬ ማታ ይመለሳል፣ የቀረውን እሱ ያውቃል።»

«ሼሁ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የማን ብለሽ መጣሽ ብለው ነው።»

«አዎ።»

«የማን ብዬ ልግባ?»

ጥያቄው ሞኝነት መስሎኝ ተናደድኩ። «የእሱ ነዋ። የማን ልትዪ ነው?» አልኳት። ከዚያም ስለ እሱ ማውራት ጀመርኩ። ጨዋነቱን፣ ሶላቱን፣ እናቱን እንዴት እንደሚይዝ። ወንድሙን ሊድር የተላከ ሽማግሌ እንኳን እንደዚያ አሳምሮ አይናገርም።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። የሻርፑን ቋጠሮ ፈታችው፣ መልሳ አሰረችው። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ «መልሰኝ» አለች።

አክስቷ በሩ ላይ ቆማለች። «ኤሳ ቱርቴ?» አለቻት፤ የት ነበርሽ ማለቷ ነው። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ልብሷን ልታሳጥር ሰፊ ጋ ሄዳ ዘግቶ አገኘችው» አልኩ። አክስትየው ጓዙን አየች፣ እኔን አየች፣ አቧራ የጠጣውን ጎማ አየች። የአባቷም ጫማ በረንዳው ላይ ነበር። «ቶሌ፣ እሺ፣ ግቢ» ብቻ አለች። ልጅቷ ገባች። ዞር ብላ አላየችኝም።

ጓደኛዬ ከባቲ ሲመለስ መናኸሪያው ላይ ጠብቄ ነገርኩት። ይናደዳል፣ ምናልባት ይመታኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ «አልሃምዱሊላህ» አለ። ወላሂ እንደዚያ ነው ያለው። ቃሉን ከሰጣት ወዲህ ፈርቶ ኖሯል። በየቀኑ በበራቸው ሲያልፍ ድምፁ እንዳይቆይ በፍጥነት ነበር የሚያልፈው። በዚያ ላይ እየወደዳት። ሰው እየወደደ እንዲህ ይፈራል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

«ምን አለችህ?» አለኝ።

«የማን ብዬ ልግባ አለችኝ።»

«አንተስ?»

«የእሱ አልኳት።»

ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ አየኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ተነስቶ ሄደ። በማግስቱ በያጁ ጋ ወስዶ የድሮውን ማርሚታ አስመለሰው። እሳቸውም «እኔ ብያችሁ ነበር» አሉ። ልጅቷን ለባቲው ነጋዴ ሲድሯት ሠርገኛ ካመላለሱት ባጃጆች አንዷ የእኛ ነበረች፤ እኔ ነዳሁ፣ እሱ አሞኛል ብሎ ቀረ። ቆይቶም ወደ ሎጊያ ወርዶ ሥራ ያዘ፣ አግብቶ ወለደ። ለዒድ እንደዋወላለን። ስለዚያ ነገር አንስተን አናውቅም።

አምና ለሱቄ ዕቃ ላመጣ ባቲ ወረድኩ። የገበያ ቀን ነው፣ ሙቀቱ ያቃጥላል። አንድ የጨርቅ ሱቅ በር ላይ ጥላ ፍለጋ ቆም ስል «አካም ጅርታ» የሚል ሰላምታ ከውስጥ መጣ። እሷ ናት። ወፍራለች፣ አምሮባታል። ከትልቋ ልጇ ጋር ሱቁን እየሠሩ ነው። ውኃ ሰጠችኝ። ስለ ሰላሙ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አክስቷ ሞት አወራን። ልጅቱ እናቷን ትመስላለች፤ ስትስቅ ድምፅ የላትም። ወሬ ሲያልቅብኝ፣ ያለፈ ነገር ነው ብዬ፣ ለጨዋታ ያህል «ያን ቀን እሱ ነው ብለሽ ወጥተሽ የእኔን ፊት ስታዪ ምን ብለሽ ይሆን?» አልኳት።

የዘረጋችውን ጨርቅ ታጥፍ ነበር። ማጠፏን አላቆመችም።

«ሳልሳፈር ነው ያየሁህ» አለችኝ። «ግመሎቹ እስኪያልፉ በሩ ላይ ቆሜ ሳይህ ነበር።»

ልጇ ስለ ዋጋ ጠየቀቻት፣ ደንበኛም ገባ። እሷ ወደ ደንበኛው ዞረች። የያዝኩትን ብርጭቆ የት እንደማስቀምጥ ጠፍቶኝ ትንሽ ቆምኩ፤ ከዚያ ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ «የየት አገር ልጅ ነህ?» ብለው ወሬ ጀመሩኝ። የቀላል ቀላል ጥያቄ ነው። እኔ ግን ከሚሴ እስክንደርስ ግራሩ ሥር የጠየቀችኝን «የማን ብዬ ልግባ?» ስመልስ ነበር።