መምሬ ልየው ዋስ የሆኑኝ ጊዜ

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባ እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበትም፤ በመጨረሻም ሁሉም ወደየቤቱ ገብቷል። በዚያ ላይ ከማወሳቸው ሁለት ሽማግሎች አንዱ ነገሩ እንዲነሳ አይወዱም ነበር። ጸሐፊውም ጡረታ ከወጣ በኋላ በማታው ክፍለ ጊዜ ሕግ መማር የጀመረ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ሕግን ገና ከደጃፉ ነው የማውቀው።

ምክንያት የሆነኝ መምህራችን ባለፈው ሳምንት ያቀረበልን ጥያቄ ነው። «የሰማውን ሁሉ እንዲናገር የማይገደድ ሰው ማን ነው?» አለን። በዕድሜ ልጆቼ የሚሆኑት የክፍል ጓደኞቼ «ሐኪም»፣ «ጠበቃ» እያሉ መለሱ። እኔ «የንስሐ አባት» አልኩ። «ጥሩ ነው፤ ምሳሌ አለዎት አባቴ?» አለኝ። ምሳሌ ነበረኝ። በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ስላልሆነ ግን «ጽፌ አመጣለሁ» አልኩት። ወደ ቤቴ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠልዬ ዝናቡ እስኪያባራ ስጠብቅ፣ መውጣትም መቆምም ያቃተኝ ያ የልጅነት ሰኔ ፊቴ ድቅን አለ።

በ1963 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የምማረው ሞጣ፣ የእናቴ ወንድም ቤት ተቀምጬ ነው። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ግን ከቢቸና ገበያ ወረድ ብላ በምትገኝ አንዲት የማርያም ደብር አጥቢያ ነበር። አባቴ አንለይ የደብሩ ገበዝ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት የሚጠብቀው፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዘው እሱ ነው። ግንቦት ሲገባ ታመመና ሳይሰነብት ሞተ። ለቀብሩ አልደረስኩም። ለተዝካሩ ግን በእግሬ መጣሁ። የሐዋርያት ጾም ገብቶ ስለነበር ድግሱ ሽሮና ስልጆ፣ ዳቦና ጠላ ሆነ። የስልጆው ሰናፍጭ አፍንጫዬን ሲሰነጥቀኝ እንባዬን ለሐዘን የቆጠሩልኝ ዘመዶች ነበሩ፤ ሁለቱም ነበር።

የሚኒስትሪ ፈተና የሚሰጥበት ቀን ተቃርቦ ስለነበር ተዝካሩ እንዳለፈ ወደ ሞጣ ልመለስ ተሰናዳሁ። በዚያው ጠዋት አዲሱ ገበዝ ቁልፉን ከእናቴ ተረከበ። በሽማግሎች ፊት ዕቃ ቤቱ ሲከፈት፣ በዓመቱ በዓል ከታቦቱ ፊት የሚወጣው የብር መስቀል የለም።

የአጥቢያችን ዳኛ ግራዝማች ይግዛው ነበሩ። ሙግት ያለበት ሰው ቤት ውኃ እንኳ የማይቀምሱ፣ የገዛ ወንድማቸውን ፈርደውበት አብረውት አልቅሰዋል የሚባልላቸው ሰው ናቸው። በነጋታው አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ ማለት ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩን አባወራ ሁሉ አንድ መስክ ሰብስቦ፣ የሚያውቅ ሰው እስኪናገር ድረስ ማቆየት ነው። ጠዋት ይገባል፤ ሲመሽ ለከብትና ለእንቅልፍ ይለቀቃል። ወንዙን መሻገር ግን ፈጽሞ አይቻልም። የተሻገረ ሰው ጥፋተኛው እሱ ነው ተብሎ ይያዛል።

አባቴ ስለሌለ የቤታችን አባወራ ሆኜ የተቆጠርኩት እኔ ነበርኩ። ሰው መባሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ነው፤ በተባልኩበት ቀን ታጎርኩ።

መስኩ ረግረግ ብሏል። ሰው ጋቢውን ተከናንቦ፣ በሶውን በጥብጦ፣ ንፍሮውን ይዞ እርጥብ ሣር ላይ ይቀመጣል። ከፊታችን ያልታረሰ የጤፍ መሬት ተዘርግቶ ይታያል። በሬዎቹ ያለ ሥራ ቆመው ያገሳሉ።

«አንተ የገበዝ ልጅ፣» አለኝ ጓንጉል የሚባለው ጎረቤታችን ንፍሮውን እያላመጠ፣ «ያ ሞጣ የተማርከው እንግሊዝኛ መስቀል አይፈልግልንም?»

«ተወው እንጂ፣ ልጁ ሐዘን ላይ ነው፤» አሉት አንድ ሽማግሌ።

«እኔስ? መሬቴ ጦም ሊያድር ነው፣ ከእኔ የባሰ ሐዘንተኛ አለ?»

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሲያልፍ ግን ዓይኖች ሁሉ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ቁልፉ የነበረው እኛ ቤት ነው። ግራዝማች፣ አውጫጭኙ ፍሬ ካጣ ቁልፉ የነበረበት ቤት ለቢቸና ፖሊስ እንደሚቀርብ አስቀድመው ተናግረዋል። እናቴ ማለት ነው። የአባቴ ስምም የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ የሌባ ስም ሊሆን ነው።

የሚናገር ሰው ሲጠፋ የመገዘት ተራው የካህን ነው። ቄሱ ተነስቶ «እያወቀ የደበቀ የተወገዘ ይሁን» ይላል፤ ያን ጊዜ ግዝቱን ፈርቶ ያየ ሁሉ ይናገራል። የደብራችን ቄስ መምሬ ልየው ነበሩ። አጠር፣ ከሳ ያሉ፣ ሲቀድሱ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ፣ የአባቴም የነፍስ አባት።

«መምሬ፣ ይገዝቱልን እንግዲህ፤» አሉ ግራዝማች።

መምሬ ከተቀመጡበት አልተነሱም። «አልገዝትም።»

«ምን አሉ?»

«አልገዝትም አልኩ ግራዝማች። ምክንያቱን አይጠይቁኝ።»

«እንግዲህ መስቀሉ ካህናት ቤት ገብቷል በሉኛ!» አለ ጓንጉል። በዚህኛው ቀልድ ግን ማንም አልሳቀም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሰዉ የሚጠረጥረው ሁለት ሆነ፤ የእኛን ቤትና መምሬን።

ቀኑ እየገፋ፣ ፈተናው እየቀረበ ሄደ። ደብተሬን ይዤ ላጥና ብል ፊደሉ በዝናብ ርሶ ወረቀቱ ተጣበቀ። በመጨረሻ ደፍሬ ግራዝማች ፊት ቀረብኩ።

«ጌታዬ፣ ፈተና አለብኝ። ካመለጠኝ ዓመት ሙሉ ቀረ ማለት ነው። ልፈተንና እመለሳለሁ።»

ግራዝማች ዝቅ ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ የእኔ ልጅ ታሞ ቢቸና ሐኪም ቤት ተኝቷል። ወንዙን ስሻገር አየኸኝ?»

ይህን ያህል ቀን ከፊታችን ተቀምጠው ስለ ልጃቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም ነበር። ከኋላዬ የመምሬ ልየው ድምፅ ተሰማ።

«ይሂድ። እኔ ዋሱ ነኝ።»

«ካህን ዋስ ይሆናል እንዴ መምሬ? ምን ያስይዛሉ? በሬ የለዎት፣ መሬት የለዎት።»

«ክህነቴን አስይዛለሁ። ያለኝ እሱ ነው።»

ግራዝማች እንዲህ ያለ ዋስትና ሰምተው አያውቁም፤ እምቢ ለማለትም፣ እሺ ለማለትም ሕግ የላቸውም። «በጃንሆይ አምላክ ይዤብዎታለሁ፤» አሉ ቆይተው። «ተፈትኖ ይመለስ።»

መምሬ እስከ ወንዙ ሸኙኝ።

«ሞጣ ስትደርስ፣» አሉኝ፣ «አባትህን ለሚያውቁት ሁሉ መርዶ አርዳ። ገበያ ሲወጣ የሚያውቁት ብዙ ናቸው፤ ሞቱን አልሰሙም። ሞት ሳይነገረው የቀረ ወዳጅ ሊኖር አይገባም።»

«እሺ አባ።»

«ደጃፍ አትምረጥ። ሰው የሚንቀውንም፣ ሰው የሚፈራውንም ደጃፍ አትዝለል።» ከዚያ መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሳይሰናበቱኝ ዞሩ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

በደብረ ወርቅ አልፌ፣ መንገድ ላይ አድሬ፣ ጭቃ ጫማዬን እየነጠቀኝ ሞጣ ደረስኩ። ፈተናው በማግስቱ ነው። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገር፤ እኔ ግን ጊዜ ስላልነበረኝ ያንኑ ከሰዓት ከበር በር ዞርኩ። ጨው ነጋዴው አለቀሰ፤ አባቴ ቤቷ ያርፍ የነበረችው ጠላ ሻጭ ደረቷን መታች። ከገበያው ግርጌ የአንጥረኞቹ ቤቶች ነበሩ። በአገራችን ከአንጥረኛ ጌጥ ይገዛል እንጂ ቤቱ አይገባም ነበር፤ ቡዳ ነው እየተባለ ይፈራል። ባልፋቸው ማንም አይወቅሰኝም። የመምሬ ቃል ግን እግሬን ያዘው።

አያ ሽባባው የሚባሉ አንጥረኛ ወናፋቸውን ትተው ብቅ አሉ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የገበዝ አንለይ።»

«እሰይ! ምነው ዘገየብኝ እሱ? ደህና ነው?»

ነገርኳቸው። እዚያው ከሰሉ ላይ ቁጭ አሉ። ብዙ ካለቀሱ በኋላ ወደ ውስጥ ገብተው እናቴ በፈተለችው ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ጥቅሉን ገና ሳልፈታ ጥለቱን አወቅሁት። ውስጡ የማርያም መስቀል ነበር፤ አንዱ ክንዱ አዲስ ሆኖ ያበራል።

«ለፋሲካ ከእጁ ወድቆ ተሰበረበት፤» አሉኝ። «እኔ ጋ መምጣቱ ከተሰማ ሰዉ መስቀሉን አይስመውም ብሎ ፈራ። ለዓመቱ በዓል ሳይታወቅ ሊመልሰው ነበር። ለነፍስ አባቴ ብቻ ተናዝዣለሁ አለኝ።»

ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። መምሬ ያውቁ ነበር፤ የሚያውቁትም በንስሐ ነው። ቢናገሩ ምስጢረ ንስሐን ያወጣሉ፤ ቢገዝቱ ያወገዙት ራሳቸውን ነው።

አጎቴ ነገሩን ሲሰማ ጮኸብኝ። «መስቀሉ እግር የለው አይሮጥ! ተፈተንና ውሰደው!» እውነቱን ነበር። ግን ፈተናው በአንድ ቀን አያልቅም፤ መንገዱም ሩቅ ነው። እናቴ ለፖሊስ ልትቀርብ፣ የጤፉ መሬት ወቅቱ ሊያልፍበት፣ የግራዝማች ልጅ ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ መምሬ በሌባ ዓይን እየታዩ፣ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ምን እጽፋለሁ? በማግስቱ ማለዳ ከሞጣ ስወጣ የትምህርት ቤቱ ደወል ከኋላዬ ሲደወል ሰማሁት። ዞር አላልኩም። ብዞር ኖሮ እመለስ ነበር።

መስኩ ላይ ስደርስ ነጠላውን ገለጥኩት፤ ሰዉ ብድግ አለ። ግራዝማች ከየት እንዳመጣሁት ጠየቁኝ። የአባቴን ስም ከሌብነት ለማውጣት የደበቀውን ሁሉ መዘርገፍ ነበረብኝ፤ መስበሩንም፣ አንጥረኛውንም ተናገርኩ። ማጉረምረም ተነሳ። «አንጥረኛ የነካውን?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጓንጉል ሰዉን ገፍቶ መጣና መስቀሉን ሦስቴ ሳመ።

«እኔ ስሜያለሁ። እናንተ ቆማችሁ ተከራከሩ፤ እኔ በሬዬን ልጠምድ ነው።»

«አንጥረኛው ዘንድ እንድትሄድ ማን ነገረህ?» አሉኝ ግራዝማች።

«ማንም። መርዶ ላረዳ ነው የሄድኩት።»

ግራዝማች ወደ መምሬ ልየው ተመለከቱ። መምሬ መሬት መሬት ያያሉ። ሌላ ጥያቄ መጠየቅ የዳኛ ሥራ ነበር፤ ግራዝማች አልጠየቁም። «አውጫጭኙ ተፈትቷል፤» ብለው በቅሏቸውን አስጭነው ወደ ቢቸና ገሰገሱ። ልጃቸው ድኖ ጠበቃቸው።

በማግስቱ መምሬ ቅዳሴ አልገቡም። ከሕዝቡ ጋር ውጭ፣ ከግንቡ ሥር ቆመው አገኘኋቸው።

«አባ፣ እርስዎ እኮ ምንም አልነገሩኝም፤» አልኳቸው።

«እኔ ባልልህ ከዚያ ደጃፍ ትቆም ነበር?»

«አልቆምም ነበር።»

«እንግዲያው ነግሬሃለሁ። ክህነቴን አስይዤ አልነበር? ተይዟል።»

መርጡለ ማርያም ወርደው ለአንድ አባት ተናዘዙ። ዓመት ሙሉ ከመቅደስ እንዲርቁ ቀኖና ተቀበሉ፤ ሳይቀነስ ፈጸሙት። እኔም ያን ዓመት የአባቴን መሬት ሳርስ ከረምኩ። እሑድ እሑድ ከግንቡ ሥር ጎን ለጎን እንቆም ነበር። እሳቸው መቅደሱን ያያሉ፣ እኔ የሞጣን መንገድ አያለሁ።

ሁለቱም ሽማግሎች ዛሬ በሕይወት የሉም። መምህሬ ጽሑፌን ሲያነብ መምሬ ልየው ምስጢር አውጥተዋል ወይስ አላወጡም ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። የተማርኩትን መጽሐፍ ገልጬ አይቻለሁ፤ አላወጡም የምል ይመስለኛል። ግን ያ ከግንቡ ሥር የቆመ ሰው ትዝ ሲለኝ ብዕሬ ይቆማል። ግራዝማች ያልጠየቁትን ጥያቄ መምሬ ራሳቸውን ጠይቀው በራሳቸው ፈረዱ፤ ከእሳቸው በላይ ሆኜ ፍርዱን የምሽር ማን ነኝ?

የአገሬ ሰዎች አውጫጭኙ ያለቀው መስቀሉ የተገኘ ዕለት ነው ይላሉ። እኔ ግን በዓመቱ ሞጣ ሄጄ ተፈትኜ ስመለስ፣ ለበዓሉ ደረስኩና ያን ከሰውነት የሚበልጥ የመምሬን ድምፅ ከመቅደሱ ውስጥ ሰማሁት። ያለቀው ያን ዕለት ነው፤ ሰኔ 21 ቀን 1964 ዓ.ም.።