መርከቧ ላይ ያልወጣንበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት አብራኝ ዳቦ ቤት የምትሠራው ባልደረባዬ ልጆቿን መጫወቻ ቦታ ልትወስድ እንዳሰበች ነገረችኝና ምን ምን መያዝ እንዳለባት ጠየቀችኝ። እኔ አንድ ጊዜ ስለሄድኩ በእኛ ዳቦ ቤት የዚህ ነገር አዋቂ ተደርጌ እቆጠራለሁ። ትሪውን ወደ መደርደሪያው እየገፋሁ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት።

የበዓል ጫማ እንዳታደርጊላቸው አልኳት። አዲስ ጫማ ያደረገ ልጅ እስከ ምሳ ድረስ ይኮራል፣ ከምሳ በኋላ አንቺ ትሸከሚዋለሽ። ስልክ ቁጥርሽን በእስክሪብቶ ክንዳቸው ላይ ጻፊ፤ በወረቀት ጽፈሽ ኪሳቸው ብትከቺው ወረቀቱን አውሮፕላን ይሠሩበታል። ሎሚ ያዢ፤ ታክሲ ውስጥ የሚያቅለሸልሸው ልጅ አይጠፋም። ሎሚው ካልሠራ ፌስታል ያስፈልግሻል። ሶፍት ያዢ፣ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ አታገኚም። ውኃም ያዢ፣ ትንሹን ግን ብዙ አታጠጪው፤ ወረፋው እኩሌታ ላይ ስትደርሺ ሽንቴ መጣ ይልሻል። ነጠላ የሚለብስ ትልቅ ሰው ቤትሽ ካለ ደግሞ ውሰጂ፤ ነጭ ነጠላ ከሩቅ ስለሚታይ የጠፋ ልጅ እሱን አይቶ ይመለሳል። በዚህኛው ሳቀች። እኔ ግን ከልቤ ነበር።

ሌላስ አለችኝ። ሌላ የለም አልኳት። ነበረ፤ ግን ትሪ እየገፉ የሚያወሩት አልነበረም።

እኔ የሄድኩት የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፣ ከመስቀል በኋላ በዋለው ቅዳሜ። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የክፍል ጓደኛዋ በስልክ ቪዲዮ አሳይታት፣ ሰው ጭና ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ትልቅ መርከብ አየች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም። መርከቧ የቁመት ልክ አላት፤ መግቢያው ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል፣ ከመስመሩ በታች የሆነ ልጅ ከአዋቂ ጋር ካልሆነ አይወጣም። ልጄ ይህንንም ከጓደኛዋ አጣርታ፣ በሜትር ለክታ፣ የቤታችን በር መቃን ላይ በእርሳስ አሰመረችው። በየእሁዱ ጀርባዋን አስጠግታ ትቆማለች፣ እኔ ደብተር አናቷ ላይ አጋድሜ እለካታለሁ። ሁልጊዜ ሁለት ጣት ይጎድላታል።

እሷ ግን አልከፋትም። «ችግር የለም፣ አንቺ አለሽ» ትለኝ ነበር።

ሦስት ጊዜ ቀጠርኳት፣ ሦስቴም ቀረሁ። መጀመሪያ ዝናብ ጣለ። ቀጥሎ አንዷ ሠራተኛ ታመመችና በእሷ ፈንታ ገባሁ። በሦስተኛው ምንም አልነበረም፤ ደክሞኝ ነው የቀረሁት። ለልጄ ግን ሥራ ተጠራሁ አልኳት፤ የዳቦ ቤቱን ሽርጥ አድርጌ ወጥቼ እህቴ ቤት ተኝቼ ዋልኩ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ወር ከምናምን ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ልጆቹን አንድ ቦታ የሚወስድ ሰው ከተፈለገ እኔ ነኝ። የዳቦ ቤት ሥራ ደግሞ አገሩ ሳይነቃ ነው የሚጀመረው። ያን ቅዳሜ ለማግኘት ሐሙስና ዓርብ የሌላ ሰው ፈረቃ ደርቤ ሠራሁ። ዓርብ ቤቴ ስገባ እግሬ የእኔ አልመስል ብሎኝ ነበር።

ያሰብኩት እኔ፣ ልጄና የአምስት ዓመት ወንድሟ ሆነን እንድንሄድ ነው። ጠዋት ስድስት ሆንን። የባለቤቴ እናት ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ትልቅ ሰው ቤት ዘግቶ ሽርሽር መሄድ ደግሞ አይታሰብም። በሩን ስከፍት የጎረቤቴ ሁለት ሴት ልጆች ፀጉራቸውን ተቀብተው፣ ካልሲያቸውን እስከ ጉልበታቸው ስበው ቆመዋል። እናታቸው ገበያ ላይ አትክልት ትሸጣለች፤ ቅዳሜ ለእሷ ትልቁ ቀን ነው። ወሬውን ያደረሰላቸው የእኔው ወንድ ልጅ ነበር። እንደዚያ ተዘጋጅቶ የቆመ ልጅን እናንተ ቅሩ የምልበት አፍ የለኝም።

አማቴ ደግሞ አገልግል ይዘው ወጡ። ከበዓሉ የተረፈ ድፎ ዳቦ፣ ቅቤ የጠገበ ፍርፍር፣ ደርዘን የሚሆን የተቀቀለ እንቁላል። እዚያ የሚበላ ይሸጣል ብላቸው፣ ማን እንደሠራው ለማይታወቅ ምግብ ልጅ አልሰጥም አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ዳቦ ሳገላብጥ ሰንብቼ በዕረፍቴ ቀን ዳቦ ተሸክሜ ወጣሁ። ከሰፈራችን ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄደው ታክሲ ስንገባ ረዳቱ አገልግሉን አይቶ ሠርግ ነው እንዴ ማዘር አላቸው። ለአንተም ያድርስልህ ብለው መረቁት። ከጦር ኃይሎች በያዝነው ሁለተኛው ታክሲ ወንዱ ልጄ ጭኔ ላይ አስመለሰ። ሎሚው አልሠራም ማለት ነው።

የደረስነው አምስት ሰዓት ግድም ነው። ጥበቃው ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው አለን። አማቴ አልተከራከሩም፤ አገልግሉን ከፍተው ትልቅ ቁራሽ ዳቦ ቆረሱና ከጠዋት ጀምሮ እህል ቀምሶ እንደሆነ ጠየቁት። ግራና ቀኙን አይቶ ተቀበላቸው። ገባን።

መርከቧ ከበሩ ትታያለች። ልጄ አልጮኸችም፣ አልዘለለችም፤ እጄን ይዛ ብቻ መጎተት ጀመረች። ወረፋው ላይ አራት ሰው ነበር። ይህን ቁጥር አልረሳውም። ሠራተኛው ከቀዩ መስመር አጠገብ አቆማትና ሁለት ጣት እንደሚጎድላት አየ። ከእናቷ ጋር ከሆነ ትችላለች አለ። ልጄ ዞራ እንዳየችኝ ትዝ ይለኛል፤ ልክ አላልኩሽም የሚል አስተያየት ነበር።

አማቴ ከኋላችን ደረሱ። «በባዶ ሆድ ልትወጡ? አንጀታችሁ ይገለበጣል» አሉ።

አምስት ደቂቃ ይጠብቁን ማለት እችል ነበር። አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ብነግራቸው ይጠብቁ ነበር። ዝም ያልኩት ፈርቻቸው ነው ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር፤ እውነቱ ግን መቀመጥ ፈልጌ ነው። ምሳ የሚለውን ቃል ስሰማ ጉልበቴ ራሱ እሺ አለ። ቶሎ በልተን እንመጣለን አልኳት። ልጄ አራቱን ሰዎች አንድ ጊዜ አየቻቸውና ተከተለችን።

አማቴ ዘንድ ቶሎ መብላት የሚባል ነገር የለም። ሣሩ ላይ አንጥፈን ስንቀመጥ ከጎናችን አንድ ሌላ ቤተሰብ ተቀምጦ ነበር፣ አማቴ ሰው እያየ አገልግል አልከፍትም አሉ። ኑ አብረን እንቅመስ ብለው ጠሯቸው። በዕድሜዬ እንዲህ የተጠራ ሰው እኛ በልተናል፣ ብሉ ብሎ ሲያመሰግን ነው የማውቀው። እነዚህ መጡ። የራሳቸውንም ይዘው መጡ። የቤተሰቡ አያት የጎጃም ሰው ሆነው ተገኙ፤ አማቴም የዚያው ናቸው፤ የማን ልጅ፣ የማን የእህት ልጅ ሲባል ዝምድና ሊገኝ ጥቂት ቀረው። ከዚያ ምርቃት ተጀመረ። ሲመረቅ አይነሳም። እኔ በአንድ እጄ ትንሹን አጎርሳለሁ፣ በሌላው እንቁላል እልጣለሁ፣ አሜን እላለሁ። ልጄ አንድ ጉርሻ አፏ ውስጥ ይዛ ሳታኝክ መርከቧን ታያለች። በላሽ ወይ ስላት አዎ ትላለች፣ እንሂድ ግን አላለችም። ትልቅ ሰው እየመረቀ እንሂድ እንደማይባል ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ዕቃው ሲሰበሰብ ስምንት ሰዓት አልፏል። ወረፋው አጥሩን ዞሮ መጥቷል።

ልጄ ወረፋ ልያዝና ሲደርስ እጠራሻለሁ አለችኝ። እኔም እስከዚያው እግሬን ላሳርፍ ብዬ ጋደም አልኩ። ለባልደረባዬ ያልነገርኳት ምክር አንዱ ይህ ነው፤ ሣር ላይ አትጋደሚ። ሁለት ፈረቃ የሠራ ሰው ሣር ላይ ከተጋደመ ቀኑ አለቀ።

ስነቃ በርዶኝ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት የልጄን ጉልበት ነው። አጠገቤ ተቀምጣ የአማቴን ጃንጥላ ፊቴ ላይ ይዛለች። ፀሐይዋ ከሄደች ቆይታለች፤ እሷ ግን አልዘጋችውም፣ አንዱ እጇ ሲዝል ወደ ሌላው ታዛውረዋለች። ቀና ስል መርከቧ ቆማለች። የመርከቧ ሠራተኛ መግቢያው ላይ ሰንሰለት ያስራል።

ተቆጣሁ። የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። የጥፋቱ ባለቤት እኔ ሆኜ ጮኼ የተናገርኩት እሷን ነው።

«ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«ልቀሰቅስሽ መጥቼ ነበር» አለች። «አፍሽን ከፍተሽ ተኝተሻል። በጣም ደክሞሽ ነበር።»

አማቴ ኋላ ታክሲ ስንጠብቅ በቀስታ ነገሩኝ። ሦስት ጊዜ ወረፋው ደርሷት ነበር። ሦስት ጊዜ ከኋላዋ ያሉትን አሳልፋ መጣች፣ አየችኝ፣ ተመልሳ መጨረሻ ላይ ቆመች። አማቴ ልቀስቅሳት ሲሏት ይተዋት ያለቻቸው እሷ ናት። ከእኛ ጋር የበላችው ሴት እኔ ላውጣሽ ብላትም እናቴ አሁን ትነሳለች ብላ እምቢ አለች። አማቴ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ነበር። ምሳውን ያስቀደሙት እሳቸው መሆናቸውን ያወቁት ይመስለኛል።

ሌላ ቀን እንመጣለን አልኳት። እሺ አለች። ያንን እሺ አውቀዋለሁ። አሠሪዬ ነገም ትገቢያለሽ ሲለኝ የምመልስለት እሺ ነው። በዘጠኝ ዓመቷ ከየት እንደተማረችው መጠየቅ አያስፈልገኝም። ጦር ኃይሎች የታክሲው ወረፋ ረጅም ነበር። ሲደርሰን ወንድሟን ጭኗ ላይ አድርጋ እኔን መስኮቱ ጋ እንድቀመጥ ቦታውን ለቀቀችልኝ። መስኮቱን ተደግፌ ድጋሚ ተኛሁ፣ ምን ላድርግ።

ሌላው ቀን አልመጣም። ፈረቃ ነበር፣ የትንሹ ሳል ነበር፣ አንድ ጊዜም ታክሲ አጥተን ከማዞሪያው ተመለስን። እሷም መጠየቅ ተወች። ስትተወው ቀለለኝ፣ ይህንንም መናገር አለብኝ። በር መቃኑ ላይ ያለው የእርሳስ መስመር ግን አልጠፋም። ቤቱን ቀለም ስናስቀባ ሠራተኛውን እዚያች ጋ አትንካ ብዬው ነበር።

ለባልደረባዬ ያን ሁሉ ምክር የሰጠሁት ዓርብ ነው። እሁድ ልብስ ሳጣጥፍ ልጄ ከበሩ ጠራችኝ። ከተለካች ቆይታለች። ጀርባዋን መቃኑ ላይ አስጠግታ፣ አገጯን ሰብስባ ቆማለች። ደብተር ፍለጋ ዞር ስል አያስፈልግም አለችኝ። እውነቷን ነው። መስመሩ ከጭንቅላቷ ኋላ ተሸፍኗል፣ አይታይም። በጣቴ ስለካው ከመስመሩ አራት ጣት ታልፋለች።

«አለፍኩት» አለች እየሳቀች። «አሁን አዋቂ አያስፈልገኝም። ከጓደኞቼ ጋር ብቻዬን መውጣት እችላለሁ።»

የተናገረችው በደስታ ነው። እኔን ልትወቅስ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጎበዝ አልኳት፣ አዲሱን ምልክት በእርሳስ አደረግኩላት። እሷ ለጓደኛዋ ልትነግራት ሮጣ ወጣች። እኔ እርሳሱን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድካሜን ለማን እንደማሳየው እያሰብኩ ኖሬያለሁ፤ አንድ ሰው ብቻ አይቶልኝ ነበር፣ እሱም ልጄ ናት፤ ዋጋውንም እሷው ከፈለች።

ሰኞ ጠዋት ባልደረባዬ ዳቦ ስትቆጥር ጎኗ ቆምኩ። ያን ዕለት ያስቀረሁባት ነገር እንዳለ ነገርኳት። ፌስታል ነው አለችኝ፣ ሦስት ይዣለሁ።

«ትልቋ ልጅሽ ቁመቷ የት ደርሷል?» አልኳት።

እጇን ከደረቷ ዝቅ አድርጋ አሳየችኝ። ልጄ ያኔ የነበረችበት ቦታ ነው።

«እንግዲያው ስትደርሱ መጀመሪያ እሷ የምትፈልገው ላይ አብረሻት ውጪ። ምሳው ይቆይ።»

«አማቴ ይቆጣሉ» አለች።

«ይቆጡ» አልኳት፣ ትሪውን ገፋሁ።